ከዶሮዋ በፊት ቤቷን

አንባቢዬ ሆይ፤ ደመወዝዎን እንደ ተቀበሉ ወደ ሶዶ ገበያ ወጥተው፥ እግራቸው የታሰረ ሦስት አራት ቄቦች አንጠልጥለው ሊመለሱ አስበው እንደ ሆነ፥ እባክዎን ይህችን ገጽ ሳይጨርሱ ከቤት አይውጡ። እኔ ሳላስብ ወጥቻለሁና። ስድስት ዶሮዎች ገዝቼ «ለጊዜው ከማድ ቤቱ ጥግ ይደሩ፤ ቤታቸውን እሑድ እሠራለሁ» አልሁ። እሑድ ዝናብ ሆነ፤ ሰኞ ሥራ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ሽልምጥማጥ በበሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ አራቱን ፈጀ። የተረፉትን ሁለቱን ጎረቤቴ በግማሽ ዋጋ ወሰደቻቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ቆጥ እንኳ አልነበረኝም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፥ እንደ እርስዎና እንደ እኔ በኪራይ ግቢ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ በከተማዋ ጥቂት አይደለም። ተማሪውም እንደዚሁ ነው። በኪራይ ግቢ በጭቃ መርገው የሚሠሩት የዶሮ ቤት ደግሞ ሲለቁ ለአከራይዎ የሚተው ስጦታ ነው። ስለዚህ የሚሠሩት ቤት ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያነሣው ይሁን። ከመጀመርዎም በፊት አከራይዎን ያስፈቅዱ።

ቀጥሎ ግቢውን ይለኩ፤ ዶሮውን የሚቈጥሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ዶሮ በላይ አያስቡ፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር የሆነ ቤት ለአምስት ይበቃል። አሁን እርሳስ ያንሡ። ዕንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ አምስቱ በወር 18 ኪሎ ማለት ነው። ይህን በገበያው ዋጋ አባዝተው ከደመወዝዎ ላይ ይቀንሱ፤ የሚቀረው ካስደነገጠዎ ሦስት ዶሮ ይግዙ። የአገራችን ዶሮ ለቅማ ስለምታድር ወጪዋ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ቢገኝባት ነው። የተሻሻለችው በሙሉ መኖ ከ250 በላይ ትጥላለች፤ መኖው ሲጓደል ግን ዕንቁላሉም ይጓደላል። አውራ ዶሮ ለዕንቁላል አያስፈልግም፤ ለጫጩት ካልሆነ በቀር ጎረቤትዎን ከሌሊት እንቅልፍ አያናጉ።

ወደ ሥራው እንግባ። ቤቱን ከመሬት ግማሽ ሜትር በላይ ከፍ አድርገው በአራት የባሕር ዛፍ እግር ላይ ያቁሙት፤ በየእግሩም ዙሪያ የቆርቆሮ ቍራጭ ይጠምጥሙበት፤ አውሬው ሊወጣ ሲሞክር ጥፍሩ ያንሸራትተዋል። ወለሉን የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይደርድሩበት፤ በመካከሉ የጣት ስፋት ያህል ቢተዉ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ጠርገው ከገለባ ጋር ከምረው ካብላሉት በኋላ ለጓሮው እንሰት ይስጡት፤ ትኩሱ ግን ተክል ያቃጥላል።

የግድግዳው ታችኛው ክፍል ድፍን፥ የላይኛው ሽቦ ወንፊት ይሁን። ብዙዎቻችን ብርድ እንዳያገኛቸው ብለን ሁሉን እንደፍናለን፤ ስሕተት ነው። ዶሮን ከብርድ ይልቅ የሚጐዳት የራሷ ኩስ ሽታና እርጥበት ነው። ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሊቅ መጠየቅ አያሻም፤ የራስዎን ቤት ግድግዳ ይመልከቱ፤ ምርጉ የተላጠበት ወገን እርሱ ነው። የዶሮው ቤት ጀርባውን ለዚያ ይስጥ።

ቆጡ የአውራ ጣት ሁለት እጥፍ ውፍረት ያለው ድቡልቡል እንጨት ይሁን፤ ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃታል። ሁለት ቆጥ ከሆነ ከፍታቸው እኩል ይሁን፤ አለዚያ ለላይኛው ሲጣሉ ያመሻሉ፤ በየቢሮው እንደምናየው ነው። የዕንቁላል መጣያው ሣጥን ግን ከቆጡ ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ ያድሩበትና ያቆሽሹታል። ለአምስት ዶሮ ጨለም ያለ አንድ ሣጥን ከነገለባው ይበቃል።

ጠንካራ ቤት ሽልምጥማጥን እንጂ ፈንግልን አያስቀርም። ፈንግል ከገባ የግቢውን ዶሮ በጥቂት ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚገባው ከገበያ በመጣች አንዲት ዶሮ ነው። አዲስ የገዟትን ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ያቆዩአት። ክትባቱ እዚሁ አገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንዱ ጠርሙስ ግን ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ለአምስት ብቻ መክፈት ብክነት ነው። ጎረቤቶችዎን አስተባብረው ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ይቍረጡ፤ በየሦስት አራት ወሩም ይድገሙት። የሞተችውን ይቅበሩ እንጂ ለውሻ አይጣሉ፤ የታመመችውንም ገበያ አይውሰዱ።

የእኔ ሁለተኛው ቤት አሁን ቆሟል፤ አምስት ዶሮ አለበት። ሽልምጥማጡ አልቀረም፤ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ የጥፍሩን ጭረት አያለሁ። ስለ መኖው በሚመጣው ሳምንት እንነጋገራለን።