ግማሽ ጌም ሰጥቶ ገዢን መውቀስ

ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ኔንቲንዶ "ስዊች 2" የተባለውን ኮንሶል ለገበያ ሲያቀርብ በአራት ቀናት ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። በኩባንያው ታሪክ እንዲህ ፈጥኖ የተሸጠ ኮንሶል አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ከኔንቲንዶ "ማሪዮ ካርት ወርልድ" ጎን የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ "ሳይበርፐንክ 2077"ን፣ የጃፓኑ ካፕኮም "ስትሪት ፋይተር 6"ን ይዘው ተሰለፉ። ኤሌክትሮኒክ አርትስም (በተለምዶ ኢኤ የምንለው) የዓመቱን የእግር ኳስ ጌም በመስከረም አስከተለ። የኔንቲንዶ ወዳጆች "ሌሎቹ ጌም ሠሪዎች በመጨረሻ መጡልን" ብለው ተደሰቱ።

ደስታቸው ይገባኛል። ቢሆንም የሌሎች ኩባንያዎች ድጋፍ በመክፈቻው ቀን በሚነበብ የስም ዝርዝር አይለካም። መለኪያው ሁለት ነው፤ የመጣው ጌም ሙሉ ነው ወይ? ጌም ሠሪው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላም አለ ወይ? ያለፉት ዓመታት ታሪክ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲፈተሽ፣ ገዢው ባላጠፋው ጥፋት ደጋግሞ ሲወቀስ እናያለን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የእነዚህ ኩባንያዎች ድጋፍ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ እንይ። አንድ ኮንሶል ሠሪ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢኖረው ዓመቱን ሙሉ ጌም ሊያቀርብ አይችልም። አንድ ትልቅ ጌም ለመሥራት አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ገንዘቡም ያለው እዚያው ነው። ኮንሶሉ ራሱ ብዙ ጊዜ በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣል። ሠሪውን የሚያቆመው ሌሎች ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ ጌም የሚቆርጠው ድርሻ ሲሆን፣ በኢንተርኔት መደብር ይህ ድርሻ በተለምዶ 30 በመቶ ነው።

የአዲስ አበባን የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚያውቅ ሰው ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በየሰፈሩ ልጆች በሰዓት ወይም በጨዋታ እየከፈሉ የሚሻሙበት የእግር ኳስ ጌም ነው። ፊፋን የሠራው የኢኤ የካናዳ ስቱዲዮ ነው፤ ፔስ ደግሞ የጃፓኑ ኮናሚ ሥራ ነው። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ አንዱንም አልሠራም። ያም ሆኖ በእነዚህ የሌላ ኩባንያ ጨዋታዎች ምክንያት ፕሌይስቴሽን የቤቱ መጠሪያ ሆነ። አንድ ኮንሶል በሰው አገር ሥር የሚሰደው በዚህ መንገድ ነው።

የታሪኩ መነሻ ኮንሶል ሠሪው አታሪ ነው። በ1979 አራት የአታሪ ፕሮግራመሮች፣ በሠሩት ጌም ላይ ስማቸው እንዲወጣና ከትርፉ እንዲደርሳቸው ጠይቀው ሲከለከሉ ወጥተው አክቲቪዥንን መሠረቱ። የኮንሶሉ ባለቤት ሳይሆን ለኮንሶሉ ጌም የሚሠራ የመጀመሪያው ኩባንያ ይህ ነበር። አታሪ ከሰሰ፤ ክርክሩ በ1982 በስምምነት አለቀ፤ አክቲቪዥን ለአታሪ ድርሻ እየከፈለ እንዲሠራ ሆነ። በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ያወቀም ያላወቀም ጌም ሠሪ ሆነ። ገበያው በማይረቡ ጌሞች ተጥለቀለቀና በ1983 ወደቀ። በአሜሪካ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመት የነበረው ሽያጭ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማሽቆልቆሉ ይነገራል።

ኔንቲንዶ ከዚህ ፍርስራሽ ላይ ሲነሳ የወሰደው ትምህርት በሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነበር። በኮንሶሉ ውስጥ ያልተፈቀደ ካሴትን የሚያግድ ቺፕ አስገባ። ጌም ሠሪዎች በዓመት ከአምስት ጌም በላይ እንዳያወጡ ወሰነ። በእሱ ኮንሶል ላይ የወጣ ጌም ለሁለት ዓመት ወደ ሌላ እንዳይሄድ አሰረ። ካሴቱንም ራሱ እያመረተ ገንዘቡን በቅድሚያ ይቀበል ነበር። ሥርዓቱ ገበያውን ከሞት አስነስቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ቂምም ጥሏል። አማራጭ የሌለው ሰው ያለውን ሕግ ይቀበላል፤ አማራጭ በመጣ ቀን ጥሎ ይሄዳል።

አማራጩ የመጣው ከሶኒ ነው። ኔንቲንዶ በ1996 "ኔንቲንዶ 64"ን ሲያወጣ በካሴት ጸና። የካሴቱ ትልቁ መጠን 64 ሜጋባይት ሲሆን የፕሌይስቴሽን ሲዲ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ ለማምረትም እጅግ ይረክሳል። ለዓመታት የኔንቲንዶ ወዳጅ የነበረው ጌም ሠሪ ስኩዌር "ፋይናል ፋንታሲ 7"ን ይዞ ወደ ሶኒ ተሻገረ። ጌሙ በ1997 በሦስት ሲዲ ወጣ፤ ያንን በካሴት ማድረግ የሚታሰብ አልነበረም። ሌሎችም ተከተሉት። በመጨረሻ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ኔንቲንዶ 64 በ33 ሚሊዮን ገደማ ቆመ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔንቲንዶ ነበር፤ ሌላ የሚወቀስ የለም።

ከዚያ ወዲህ ግን ጥፋቱ ወደ ሌላው ወገንም ተሻግሯል። በዚህ ረገድ "ዊ ዩ" ከተባለው የኔንቲንዶ ኮንሶል የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። በሰኔ 2011 የኢኤ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጆን ሪቺቲየሎ በኔንቲንዶ መድረክ ላይ ወጥተው ከዚህ በፊት ያልታየ አጋርነት እንደሚመሠርቱ አበሠሩ። ኮንሶሉ በኅዳር 2012 ሲወጣ ኢኤ ምን አመጣ? የ"ማስ ኢፌክት"ን ሦስተኛ ክፍል ብቻውን በ60 ዶላር ሸጠ። በዚያው ሰሞን ለሌሎቹ ኮንሶሎች ሦስቱንም ክፍሎች በአንድ ላይ በዚያው በ60 ዶላር አቀረበ። ፊፋ 13 በዊ ዩ ሲመጣ በሌሎቹ ላይ ተወዳጅ የነበረው "አልቲሜት ቲም" የተባለው የጨዋታ ክፍል ተቆርጦለት ነበር። ገዢው ይህን አይቶ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለሰ። በግንቦት 2013 ኢኤ ለዊ ዩ የሚሠራው ጌም እንደሌለ በይፋ አረጋገጠ። ከዚያ ብሥራት እስከዚህ ማረጋገጫ ሁለት ዓመት አልሞላም።

ሌላው ጌም ሠሪ ዩቢሶፍትም ከዚህ ብዙ አልተሻለም። "ሬይማን ሌጀንድስ" በየካቲት 2013 ለዊ ዩ ብቻ ሊወጣ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለሌሎች ኮንሶሎችም እንዲሠራ ተብሎ ወደ መስከረም ተገፋ። ሌት ተቀን ለፍተው ያደረሱት የስቱዲዮው ሠራተኞች ሳይቀሩ ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰሙ። ኮንሶሉን የገዛው ሰው ግን የተጠናቀቀ ጌም ተቆልፎበት ስድስት ወር ያህል ጠበቀ።

ለፍርድ እንዲመች የኩባንያዎቹንም መከራከሪያ እናስቀምጥ። ዊ ዩ በዕድሜው ሁሉ የሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው። ጌምን ወደ ሌላ ኮንሶል ማሻገር ወጪ አለው፤ ኮንሶሉ አቅሙ ዝቅ ያለ ከሆነ ወጪው ይበረታል። ባለ አክሲዮን ያለው ኩባንያ በኪሳራ አይሠራም፤ እንዲሠራም አልጠይቅም። የምቃወመው ከዚህ የሚቀጥለውን ክርክር ነው፤ "የኔንቲንዶ ሰዎች የኔንቲንዶን ጌም እንጂ የሌላ አይገዙም" የሚለውን። የተቆረጠ ጌም፣ ዘግይቶ፣ በእኩል ዋጋ አቅርበህ ሳይሸጥልህ ሲቀር የተመዘነው የገዢው ፍላጎት አይደለም። የተመዘነው ያንተ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ስዊች ይህን ክርክር በተግባር አፍርሶታል። በመጋቢት 2017 ሲወጣ አቅሙ ከተፎካካሪዎቹ በብዙ ያነሰ ነበር። ያም ሆኖ በቴክሳስ ኦስቲን የሚገኘው ፓኒክ በተን የተባለ ስቱዲዮ "ዱም"ን በዚያው ዓመት አሻገረው። የምስሉ ጥራት ቀነሰ፤ ጨዋታው ግን ያው ራሱ ነበር። በ2019 "ዘ ዊቸር 3" ከነተጨማሪ ምዕራፎቹ በአንድ 32 ጊጋባይት ካርድ ላይ ገባ። አንድ ሰው ብቻውን ዓመታት ለፍቶ የሠራው "ስታርዲው ቫሊ" በስዊች ላይ ሚሊዮኖች ገዙት። ካፕኮም "ሞንስተር ሀንተር ራይዝ"ን በ2021 ለስዊች ብሎ ሠራው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 4 ሚሊዮን ቅጂ ወደ ገበያ ወጣ። ገዢው ሙሉ ሥራ ሲያገኝ ሙሉ ዋጋ ከፍሏል።

በዚያው ኮንሶል ላይ፣ በዚያው ዘመን፣ ኢኤ ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 "ሌጋሲ ኤዲሽን" የተባለ ነገር ሸጠ። በየዓመቱ የተጫዋቾች ዝርዝርና መለያ ይታደሳል፤ ጨዋታው ግን ያው ያለፈው ነው። አራት ዓመት ሙሉ! የመጀመሪያው ስዊች በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ስለዚህ የዊ ዩው "ገዢ የለም" የሚል ምክንያት እዚህ አይሠራም። ኩባንያው ጌሙ በሌሎቹ ኮንሶሎች የሚሠራበትን ዘመናዊ ሶፍትዌር (ሞተር) ወደ ስዊች ያመጣው በ2023 ነው። የሚቻል መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው፤ ገዢው ደግሞ የአራቱን ዓመት ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሏል። እኔ ይህን ድጋፍ ብዬ አልጠራውም።

አሁን ወደ ስዊች 2 እንመለስ። የማሽኑ አቅም አድጓል፤ ጌም ማሻገር ቀሏል። የዛሬው ችግር የመጣው በካርዱ በኩል ነው። ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ሳይበርፐንክን በሙሉ በ64 ጊጋባይት ካርድ አቅርቧል፤ ለገዢው ያሳየው አክብሮት ነው። ብዙዎቹ ሌሎች ኩባንያዎች ግን "የቁልፍ ካርድ" የሚባለውን መርጠዋል። ሣጥን አለው፣ ካርድም አለው፤ ካርዱ ውስጥ ግን ጌም የለም። ካርዱ ጌሙን ከኢንተርኔት እንድታወርድ የሚፈቅድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ስትጫወትም ካርዱ ኮንሶሉ ውስጥ መሆን አለበት። እውነት ነው፣ ለጓደኛ ማዋስና መልሶ መሸጥ ይቻላል። ነገር ግን የሚወርድበት ሰርቨር ከተዘጋ ካርዱ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ኔንቲንዶ ራሱ በመጋቢት 2023 የዊ ዩን እና በእጅ የሚያዘውን ኮንሶሉን የ3ዲኤስን የኢንተርኔት መደብሮች ለአዲስ ግዢ ዘግቷል። የጃፓን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ካርዱ ብቻውን ይዘት ስለሌለው ለትውልድ ከሚያስቀምጣቸው ጌሞች እንደማይቆጥረው ተዘግቧል።

ይህ ጉዳይ እኛን ከሌላው በላይ ይነካናል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ለልጆች ጌም ሲያመጣ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ያንኑ ዕለት እንደሚሠራ አምኖ ነው። ኮንሶል ያላቸው ወጣቶች በአብዛኛው አካውንት የሚከፍቱት በሌላ አገር ስም ነው፤ በአገራችን የባንክ ካርድ ከእነዚህ መደብሮች መግዛት ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት አውርድ ማለት፣ ለብዙ ቤተሰብ ከጌሙ ዋጋ ጋር ሌላ ዋጋ መጨመር ነው። ጌሙ ካርዱ ላይ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። ኔንቲንዶ ትልልቅ ካርዶችን ጌም ሠሪው በሚችለው ዋጋና በተለያየ መጠን ያቅርብ፤ የቁልፍ ካርዱ እንዲበዛ ያደረገው አንዱ ምክንያት የካርድ ዋጋ ነውና። የጌም መሥሪያ መሣሪያውንም ለትንንሽ ስቱዲዮዎች ሳይዘገይ ይስጥ፤ ነገ "ስታርዲው ቫሊ"ን የሚያህል ሥራ ከየት እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ጌም ሠሪዎች ደግሞ ወይ ሙሉውን ጌም ከሌሎቹ እኩል ያምጡ፣ ወይም "ለዚህ ኮንሶል አንሠራም" ብለው በግልጽ ይናገሩ። ግልጽ እምቢታ ገንዘብ አያስወጣም፤ የተቆረጠ ጌም ግን ያስወጣል።

ለአንባቢም አንድ ቃል አለኝ። ለልጅዎ፣ ለወንድምዎ ወይም ለራስዎ ጌም ከመግዛትዎ በፊት የሣጥኑን ፊት ከታች በኩል ያንብቡ፤ የቁልፍ ካርድ ከሆነ እዚያ ተጽፏል። ወደ አገር ቤት የሚልኩ ከሆነ ሙሉው ጌም ካርዱ ላይ ያለበትን ይምረጡ። ኩባንያዎቹ በየሩብ ዓመቱ ተቀምጠው የሚያነቡት የሽያጭ ቁጥርን ነው፤ እዚያ ቁጥር ውስጥ የእርስዎም ድምፅ አለበት። ሙሉ ለሠራ ሙሉ ይክፈሉ፣ ግማሽ ላመጣ አይክፈሉ።