ነጻ ሕክምና የመቀረጽ ግዴታ የለውም

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ካሜራ ላወራችሁ ነው።

ክረምት ሲመጣ በየሰፈሩ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጀመራል። የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል፣ ነጻ የጤና ምርመራ ይሰጣል። በማስጀመሪያውና በማጠቃለያው ቀን ደግሞ ጋዜጠኛ ይጠራል።

እኔም በአንዱ ነጻ ምርመራ ላይ የአንዲት እናት የደም ግፊት እየለካሁ ሳለ ካሜራ መጣ። «እማማ፣ አገልግሎቱን እንዴት አገኙት?» ተባሉ። መለኪያው ክንዳቸው ላይ እንደታሰረ መመለስ ጀመሩ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። ካሜራው ከሄደ በኋላ አምስት ደቂቃ አሳርፌ፣ ሳያወሩ ደግሜ ስለካቸው ወረደ። አዎ፣ ግፊት ሲለካ ማውራት ብቻ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛ ባልለካቸው ኖሮ በማይሆን ቁጥር ተጨንቀው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ከዚህ በላይ የከነከነኝ ግን ፈቃዳቸውን የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። እኔም ዝም ብያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። በኋላ ስጠይቃቸው «በነጻ እየታከምኩ እንዴት እምቢ እላለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሚዲያ አይምጣ እያልኩ አይደለም። ዜና ካልተሠራ ደም ለጋሽ አይመጣም። ግን ምን ይዘገብ? የተለገሰ ቀይ የደም ሴል ቢበዛ ለ42 ቀን ያህል ይቀመጣል፤ ፕላትሌት የሚባለው ደግሞ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በበዓሉ ቀን የተሰበሰበ ደም ከሁለት ወር በኋላ በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት አይደርስም። ስለዚህ አዘጋጆች ጋዜጠኛ ስትጠሩ ከንግግሩ ይልቅ ይህን ስጡት፦ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነም ጨምሩበት። ከበዓሉ በኋላም ደግማችሁ ጥሩት።

«የታማሚ ፊት ካልታየ ሰው አይነካም» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ደም የለገሰ ሰው ታሪክም ይነካል እላለሁ። የተባበሩት መንግሥታት በ1985 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5ን ሲሰይም ቀኑን ያለው የበጎ ፈቃደኞች ቀን ነው። ካሜራውም ወደ እነሱ ይዙር። ታካሚ በራሱ ፍላጎት መናገር ከፈለገ ደግሞ ምርመራውን ጨርሶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ተረጋግቶ ይናገር።

ውድ ታካሚዎች፣ «መታከም እፈልጋለሁ፣ መቀረጽ ግን አልፈልግም» ማለት ነውር አይደለም። ይህን በማለታችሁ ሕክምና ሊከለክላችሁ የሚችል የለም።

ወላጆች፣ ለእናንተ ደግሞ አደራ አለኝ። የልጃችሁ ፊት ከሕመሙ ስም ጋር አንዴ ከተለቀቀ መመለሻ የለውም። ነገ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ያገኙታል። እሱ ገና እምቢ ማለት አይችልም፤ እናንተ በሉለት።

ሐኪሙ ዝም ካለም አስታውሱት። እኔን ያስታወሱኝ እኚያ እናት ናቸው።

መልካም ጤና!