የራስን ዕቃ መዋስ

እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተዘረፉትን ቅርሶቻችንን «በረጅም ጊዜ ውሰት» ሊሰጠን መዘጋጀቱን በዳይሬክተሩ አንደበት ሲገልጽ፣ ከመካከላችን «ደግ አሰቡ» ያሉ አልጠፉም። እኔ ግን እቃወማለሁ።

ሐዋሳ ላይ የብድር ውል ሳገላብጥ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ተበዳሪ ሲፈርም በቅድሚያ የሚያጸናው ገንዘቡ የአበዳሪው መሆኑን ነው። የተዘረፍነውን ለመዋስ ስንፈርም የምናጸናውስ ምንድን ነው?

«በእጃቸው መቆየቱ ጠበቀው» ለሚሉ ወገኖች ኩርዓተ ርእሱን ላስታውሳቸው። ይህች የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የምታሳይ ሥዕል በህዳሴው ዘመን አውሮፓዊ የሣላት ብትሆንም፣ ነገሥታቶቻችን ለዘመቻ ይዘዋት የሚወጡ፣ በፊቷም የሚያስምሉባት ነበረች። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የስናር ሠራዊት ማርኳት በወርቅ ተቤዥታ ተመልሳለች፤ ዋጋዋን አንድ ጊዜ ከፍለናል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ወሰዳት፤ ለላከው ሙዚየም እንኳ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀራት። እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠች፤ ኋላም ፖርቱጋል ገብታ የግለሰብ ንብረት ሆነች። ጥበቃው ይህ ነው?

«ሕጋችን መመለስን አይፈቅድም» ይላሉ። ሕጉን ያወጣው የራሳቸው ፓርላማ ነው፤ ሊያሻሽለውም ይችላል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። አጥራችን ከተነቀነቀ ከ150 ዓመት በላይ አልፏል፤ አሁን የቀረበልን ንቀቱን በፊርማችን እንድናጸድቅ ነው። አንፈርምም።