ርካሽ ግዙ፤ ግን የቱን?

አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን ስም ያወጣንለት እኛው ነን። በተገለበጠ ቁጥር «ሹፌሩ ሲበር ነው» እንላለን፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሹፌሩ ይበር ይሆናል፤ አልክድም። ግን ጎበዝ፣ ከመኪናው ሥር ምን ዓይነት ዕቃ እንደገባ የጠየቀ ሰው አለ?

አሮጌ ኤንፒአር የሚያሠራ ሰው የኋላ አክስሉ ሲበላሽበት ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። እዚያ ሦስት ዋጋ ይጠራለታል፦ አዲስ ኦሪጅናል፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ አዲስ፣ ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። «ኦሪጅናል ግዛ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ርካሽ አትግዙ አልልም። ርካሹን የት ላይ እንደምትገዙ ምረጡ ነው የምለው።

ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ እንውሰድ። እኔ ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል ባይ ነኝ። ዓይን የማያየው ድካም ሊኖርበት ይችላል፤ ቢሆንም ብረቱ በሥራ ተፈትኗል፣ ብዙው ጉዳቱም ይታያል። ጥርሶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ተጠምዝዘዋል? ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲንከባለል ይወላገዳል? ስንጥቅ አለው? ርዝመቱና የጥርሱ ቁጥር ከወጣው ጋር እኩል ነው? ተበይዶ በቶርኖ የተስተካከለ ከሆነ ግን በነፃም አትውሰዱት። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል።

ኩሽኔታና ኦይል ሲል ደግሞ ያገለገለ አይገዛም። የኩሽኔታ ድካም በዓይን አይታይም፤ ሲቀየርም ከነቀለበቱ ነው። ሲሉ ካፈሰሰ ዘይቱ የፍሬን ሸራ ላይ ይወርዳል። የዲፈረንሻል ጥርሶችም ተጣምረው የተሠሩ ስለሆኑ ጥንድ ሆነው ይቀየራሉ እንጂ አንዱን ከአዲስ፣ ሌላውን ከአሮጌ ማጋባት የለም። መቆጠብ ያማራችሁ ፓራውልቱ ላይና መብራቱ ላይ ቆጥቡ። ፓራውልት ቢጣመም ማንም አይሞትም።

«ምን ታካብዳለህ? ዘንግ ቢሰበር መኪናው ይቆማል፣ በቃ» የምትሉ አትጠፉም። ሜዳ ላይ እውነት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ግን መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጭነት የያዘ መኪና እዚያ የሚወርደው በማርሽ ተይዞ ነው። ዘንጉ ከተሰበረ ሞተሩ ጎማውን መያዝ አይችልም። በአብዛኞቹ አሮጌ ኤንፒአሮች የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው ከማርሽ ሳጥኑ ኋላ ያለውን ዘንግ ስለሆነ እሱም አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይከዳል። እንግዲህ የአክስል ዕቃ የፍሬን ዕቃም ነው ማለት ነው።

የሚያናድደኝ ዕቃውን የሚመርጠው ባለንብረቱ፣ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ግን ሹፌሩና ረዳቱ መሆናቸው ነው። አጎታችሁ ወይም አባታችሁ አይሱዙ ካለው አንድ ነገር ንገሩት፦ ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ ሹፌሩን ይዞ ይሂድ። ዋጋውን ባለንብረቱ ይከራከር፤ «ይሄን አላስገባም» የማለት መብት ግን የሹፌሩ ይሁን።