የሠርግ ሽርጥ ያለ ዕዳ



ቁይ ላይ በተደገሰ የዘመዳችን ሠርግ አንድ አጎታችን ቀሩ። ሄደን ብንጠይቃቸው፣ «የቤተ ዘመድ ወንድ ሁሉ አንድ ዓይነት ሽርጥ ይለብሳል ሲባል ሰማሁ፤ እኔ ከየት አመጣለሁ? ላሳፍራችሁ አልፈለግሁም» አሉን። ያፈርነውስ እኛ ነን።

ሽርጥ በወሎና በሐረር ወንዶች ዘንድ የታወቀ ልብስ ነው፤ በእኛ ደጋ ግን ሱሪና ጋቢ ያመዝናል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ብለን ከመበደር አስቀድመን ሣጥናችንን እንፈትሽ፤ የጎደለውን ከወንድም እንዋስ። የስኮትላንድ ሰዎች እንኳ ኪልት የሚሉት የሱፍ ሽርጥ ዋጋው ስለሚከብድ ብዙዎቹ ለሠርግ ተከራይተው ይለብሱታል። መዋስ ነውር አይደለም።

መግዛት ግድ ከሆነ ጥጥ እንምረጥ፤ ሐር ለወንድ አልተፈቀደም። ስስ መሆን አለመሆኑን ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግተን እንይ። ወገብ ዞሮ በደንብ የሚደራረብ፣ ቁመቱም ከጉልበት ወርዶ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚቀር ይሁን። ቀለሙ ለቆ ነጩን ጀለቢያ እንዳያበላሽ ከሠርጉ በፊት ለብቻው እንጠበው።

ሲለበስ ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት አደራርቦ፣ ከላይ ጠቅልሎ በቀበቶ ማጥበቅ ነው። ለቁይ ብርድ ከሥር ሱሪ፣ ከላይ ጋቢ ይጨመርበት።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ይልበስ» የሚለውን ግን እንተወው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጭ እንድንለብስ መክረዋል፤ ንጹሕ ነጭ ልብስ ደግሞ ከብዙ ቤት አይጠፋም። ሠርጉን የሚያደምቀው አጎት መገኘቱ እንጂ ሽርጡ አይደለም።

ወሰላም።