ትርፍ ኪሎና አንድ ቀን በሮም

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ስለ ሻንጣ ነው። "ስለ ሻንጣ ደግሞ ምን ይጻፋል?" ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አብረው ረጅም መንገድ የተጓዙ ባልና ሚስት ሻንጣ ስንት ጭቅጭቅ እንደሚያስነሳ ያውቃሉ።

እስቲ አንድ ጉዞ እናስብ። በአሜሪካ የሚኖሩ ባልና ሚስት የጋብቻቸውን በዓል ለማክበር በመዝናኛ መርከብ ሜዲትራኒያን ባሕርን አንድ ሳምንት ይዞራሉ። መርከቡ ጉዞውን የሚጨርሰው የሮም ወደብ በሆነችው በቺቪታቬኪያ ነው። ከዚያው በምሽት በረራ ወደ አዲስ አበባ፣ ቤተሰብ ጥየቃ ይቀጥላሉ። በመርከቡና በአውሮፕላኑ መካከል አንድ ቀን አለ፤ ያ ቀን በሮም ነው። አራት ትልልቅ ሻንጣዎችም አብረዋቸው አሉ።

ይህን ቀን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ የቤተሰብ ናችሁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት፣ ከምሳ ወደ እራት ስትጠሩ ለሁለት ተቀምጦ የማውራት ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የሮሙ ቀን የሁለታችሁ ብቻ የሆነ የመጨረሻ ቀን ነው። በሻንጣ ጉተታ እንዳያልቅ ምን ታደርጋላችሁ?

ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ

የሻንጣው ክብደት የሚጀምረው ከስጦታው ነው። ለእናት የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእህት ልጆች ጫማ፣ ለአጎት ካፖርት። "ለእሷ ወገን ይህን ያህል ተይዞ ለእኔ ወገን ይህቺ ብቻ?" የሚለው ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የሁለቱንም ወገን ስም በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩና አብራችሁ ወስኑ። በገንዘብ ሊሰጥ የሚችለውን በገንዘብ አድርጉት፤ ገንዘብ ኪሎ የለውም።

ሌላው "እባካችሁ ለወንድሜ አድርሱልኝ" ተብሎ የሚሰጥ ጥቅል ነው። እምቢ ማለት ቢያሳፍርም፣ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ አትያዙ። በፍተሻ ጊዜ ተጠያቂው ሻንጣው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። "መርከብ ላይ ሰንብተን ነው የምንሄደው፣ ቦታ የለንም" ብሎ በትሕትና መመለስ ነውር አይደለም።

የአውሮፕላን ቲኬታችሁንም አንብቡ። ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ክፍል ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው፤ የሻንጣው ብዛት ግን እንደ መስመሩ ይለያያል። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የመጣችሁበትና ከሮም ወደ አዲስ አበባ የምትበሩበት ቲኬት ለየብቻ የተገዛ ከሆነ፣ በአንደኛው ያለፈው ሻንጣ በሌላኛው ትርፍ ኪሎ ሊባል ይችላል።

ከመርከብ ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ሌሊት

በመርከብ ላይ የመጨረሻው ምሽት የራሱ ሥርዓት አለው። ለየሻንጣው ቀለምና ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጣችኋል። አስራችሁ ሻንጣውን ከመኝታ ክፍላችሁ በር ውጭ ታስቀምጣላችሁ፤ ሠራተኞቹ በሌሊት ሰብስበው ይወስዱታል። በማግስቱ ወደብ ላይ በቀለሙ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሻንጣው ከሄደ በኋላ እስከ ጠዋት አታዩትም። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና የነገ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይቅሩ። ልብሱን ሁሉ አስረክቦ ጠዋት በፒጃማ የቀረ መንገደኛ በመርከበኞች ዘንድ የታወቀ ቀልድ ነው።

በዚያው ምሽት ሻንጣዎቹን መዝኑ። መንጠቆ ያላት ትንሽ የእጅ ሚዛን ዋጋዋ ጥቂት ነው። በየወደቡ የገዛችሁት የወይራ ዘይትና ሽቶ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ላያልፍ ስለሚችል በሚጫነው ሻንጣ በደንብ ተጠቅልሎ ይግባ። የስልክ ኃይል መሙያ ባትሪ ደግሞ በተቃራኒው ከእጃችሁ አይለይ፤ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ከወደቡ እስከ ሮም

ቺቪታቬኪያ ከሮም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የወደቡ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደተባለው ቦታ ያደርሳል፤ ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው ሌላ አውቶቡስ አለ። ባቡሩ ሮማ ቴርሚኒ ወደተባለው ዋና ጣቢያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይደርሳል። የወረቀት ቲኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት በጣቢያው ማሽን ማስመታት አትርሱ፤ አለዚያ ቅጣት አለው።

አራት ሻንጣ ለሁለት ሰው አውቶቡስና ባቡር ላይ መውጣትና መውረድ ግን ቀላል አይደለም። የመኪናውን ዋጋ ከባቡሩ ጋር ስታነጻጽሩ ጉልበታችሁንም ቁጠሩት። በባቡር ከሄዳችሁ፣ አንዳችሁ ዕቃውን ጠብቁ፣ ሌላው ቲኬት ይግዛ፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ከሻንጣው አትራቁ።

ቴርሚኒ ጣቢያ ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ አለ። ክፍያው በሻንጣ ቁጥርና በሰዓት ስለሚታሰብ አራቱን ማስቀመጥ ገንዘብ ያስወጣል። ይሁን እንጂ ከዚህ አትቆጥቡ፤ የምትገዙት የአንድ ቀን ነፃነት ነው። ሻንጣ ይዞ ኮሎሴየም መግባትም አይፈቀድም። ማስቀመጫው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቁ፣ ደረሰኙን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ቀኑ የሁለታችሁ ይሁን

ከቴርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡር ቢ መስመር ሁለተኛው ማቆሚያ ኮሎሴየም ነው። አጠገቡ የቲቶ ቅስት ቆሟል። በውስጡ ግድግዳ ላይ የሮም ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ከፈረሰው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የወሰዱትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል።

ቀጣዩ ማቆሚያ ቺርኮ ማሲሞ ይባላል። ከጣቢያው ስትወጡ የምታዩት አደባባይ ፖርታ ካፔና ነው፤ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ ዘመናችን መባቻ የቆመው እዚያ ነበር። ሐውልቱ 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አክሱም ሲመለስ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጫነ፤ በ2008 በቦታው ተተከለ። ዛሬ አደባባዩ ላይ ሐውልቱ የለም። ቢሆንም እዚያ ቆማችሁ ለልጆቻችሁ የምትነግሩት ታሪክ ታገኛላችሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከሆናችሁ ሐዋርያው ጳውሎስም በባሕር ተጉዞ ወደዚህች ከተማ መምጣቱን ታስታውሳላችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እንደተተረከው መርከቡ ላይ 276 ሰዎች ነበሩ፤ ማዕበሉ ሲበረታ ጭነቱን ወደ ባሕር ጣሉት። መርከቡ ተሰበረ፣ ከሰዎቹ ግን አንድ እንኳ አልጠፋም።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ

ከቴርሚኒ ወደ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሌዎናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ያደርሳል። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ትርፍ ኪሎ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ክፍያውን በስልክ ወይም በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ በአብዛኛው እዚያው ከመክፈል ይረክሳል። ብዙ አየር መንገዶች ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ቢከፈልበትም አይቀበሉም፤ የሚያነሱት ሠራተኞች ወገብ አለና። እንደ ሐውልቱ ከፍላችሁ አከፋፍሉት።

በሰው ፊት ወለል ላይ ሻንጣ ከፍታችሁ ዕቃ ማዛወር ግድ ቢሆንስ? "አላልኩሽም?" "አላልኩህም?" የሚሉት ቃላት በዚያች ሰዓት ይቆዩ። ምን እንደሚቀር ለመወሰን አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ በዚያች ደቂቃ የተነገረ ቃል ግን አዲስ አበባ ድረስ አብሮ ይጓዛል፣ በዚያውም ቤተሰብ ፊት ይቀርባል።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። እናንተ ሁለት ናችሁ። የምትወዱት ቤተሰብ በር ላይ የሚጠብቀው እናንተን ነው፤ የቀረውን ጫማ በሌላ ጊዜ ትወስዱለታላችሁ። መልካም ጉዞ!