«ፎርማት ይደረግ» ከማለትዎ በፊት

ኮምፒውተር ሲበላሽ ከቤተሰቡ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው «ስንት ያስወጣናል?» የሚለው ነው። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ የዋጋ ጥያቄ አይገርመኝም። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ «ውስጡ ምን አለ?» የሚል። ሲፒዩው ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ የልጅዎ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ ግን ገበያ ላይ አይገኝም።

ባለፈው ጥር አምበር የሚኖሩት አጎቴ ደወሉልኝ። የቤታቸው ዴስክቶፕ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሠራና ስታክ ያደርጋል፤ ማውሱም አይንቀሳቀስም። ያሳዩት ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ» ብሏቸዋል። ውስጡ ምን እንዳለ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉ። የልጆቻቸው የምረቃ ፎቶና የሟች እናታቸው ምርቃት በድምፅ የተቀረጸበት ፋይል ነበር፤ ሌላ ግልባጭ የለውም። «ጋሼ፣ ገና ማንም እንዳይነካው» አልኳቸው።

ብዙዎቻችን ዴስክቶፕ ላይና ዶክመንትስ ውስጥ የምናስቀምጠው ነገር የሚገኘው ዊንዶውስ ባለበት በሲ ድራይቭ ላይ ነው። ሲ ድራይቭ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ችግሩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

አንደኛ፣ ጭራሽ አልነሣም ካለ፤ መብራት አይበራም፣ ማራገቢያውም አይዞርም። ጥርጣሬዎ ከኤሌክትሪኩ ይጀምር። በዚያው ሶኬት የስልክ ቻርጀር ይሞክሩ፤ ዲቫይደሩን ትተው ሲፒዩውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ። ካልሠራ ገመዱን ነቅለው የማስነሻውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ተጭነው ይያዙና እንደገና ሰክተው ይሞክሩ። አሁንም ዝም ካለ ፓወር ሰፕላዩ ሊሆን ይችላል። እሱ ቢቃጠል እንኳ ፎቶዎቹ ያሉት ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ ዲስኩ ደኅና ከሆነ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ። የሞኒተሩን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ጠበቅ ያድርጉ። ካልሆነ ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ ራሙን አውጥተው ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ይጥረጉና መልሰው ይሰኩት።

ሦስተኛ፣ እንደ አጎቴ ኮምፒውተር ተነሥቶ የሚቆም ከሆነ። ሲቀዘቅዝ ሠርቶ ሲቆይ የሚደርቅ ከሆነ ምልክቱ የሙቀት ነው። አጎቴ «አምበር ብርድ አገር ነው፤ እንዴት ይሞቃል?» አሉኝ። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ስለሆነ ሙቀት ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ሲፒዩው መሬት ላይ፣ በዋናው መንገድ በኩል ካለው በር ሥር ነበር፤ የበጋው አቧራ ማራገቢያውን ሸፍኖታል። መጀመሪያ፣ ማሽኑ በቀዘቀዘ ቁጥር ልጃቸው ፋይሎቹን ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ፍላሽ ገለበጠ። ከዚያ ነቅሎ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አጸዳ፤ ሲፒዩውንም ጠረጴዛ ላይ አወጡት። ስታክ ማድረጉ ቆመ፤ ፎርማትም አላስፈለገም።

ከጽዳት በኋላም የሚደርቅ ከሆነ ሲ ድራይቩ ሞልቶ እንደሆነ ይዩ። ከሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ግን ወዲያው አጥፍተው ለባለሙያ ይስጡ፤ ደጋግሞ ማስነሣት የቀረውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የሚቀየረው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት።

መከላከሉ ከጥገናው ይቀላል። መብራት ሲሄድ ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሲመለስ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። የክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የኢንተርኔት ገመዱንም ጭምር ይንቀሉ። አቅም ከፈቀደ ዩፒኤስ ይግዙ፤ ሥራዎን አስቀምጠው በወጉ የሚያጠፉበት ጊዜ ይሰጥዎታል።

ወደ ጥገና ቤት ሲሄዱ ደግሞ ይህችን ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ይናገሩ፦ «ፋይሉ ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳይደረግ።» ደረሰኙ ላይም ያስጽፏት። ኮምፒውተርዎ ዛሬ ደኅና ከሆነ ግን በዚህ ሳምንት የቤተሰቡን ፎቶ በሁለት ቦታ ይገልብጡ፤ አንዱን ቤት፣ ሌላውን ከቤት ውጭ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ።